«ይረሳሉ» ብለሽ አትጻፊ

ቆዪ እስቲ፤ ሳትልኪው አንዴ ላንብበው። ከጀርባ ቆሞ የሰው ማንበብ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ቡናው እስኪፈላ ነው፣ ቻይኝ። «ሐኪም ማየት የፈለጉበት ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምን አልሽ? «እናቴ መርሳት ጀምረዋል፣ ቃላት ይጠፉባቸዋል።»

አጥፊው።

እናትሽ አልረሱም። ባለፈው እሑድ አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስለ ልጅሽ ክርስትና ሲያወሩኝ ማን መጥቶ ማን እንደቀረ፣ ዶሮውን ማን እንደሠራ፣ ማን ሳይሰናበት ውልቅ እንዳለ አንድም አልሳቱም። «ክርስትና» የሚለውን ቃል ለማውጣት ግን ታገሉ። «ክስ...» አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክርት...» አሉ፤ ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ ቅርጽ ሲፈልግ አየሁት። በመጨረሻ «ክርስ - ት - ና» ብለው እንደ ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱበት። ቃሉን ያውቁታል። ሲሳሳቱም ይሰማቸዋል፤ ራሳቸውን የሚነቀንቁት ለዚህ እኮ ነው። የቸገራቸው ቃሉን ወደ አፍ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በአባዬ ነው፣ ያውም ዘግይቼ። ልክ እንዳንቺ «ይረሳል» ብዬ ቅጹን ሞላሁ፤ ስለዚህ የማስታወስ ፈተና ተሰጠው። ጥያቄው በቃል፣ መልሱ በቃል፣ ሰዓቱ እየተቆጠረ። አፉ እስኪታዘዝለት ጊዜው ያልቅበት ነበርና ውጤቱ ዝቅ አለ። አንዱ ጋ የመርሳት በሽታ ተባለ፣ ሌላው ጋ ድብርት። ሁለት ዓመት ባከንን። ኋላ አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ወረቀቷን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ዝም ብላ አዳመጠችው። ያን ቀን ነው የችግሩን ስም የሰማነው፦ እየባሰ የሚሄድ የንግግር አፕራክሲያ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምነግርሽ ሁሉ ቀስ በቀስ ለመጣ ችግር ነው። ንግግር በድንገት ከተበላሸ፣ ፊት በአንድ ጎን ከወደቀ ወይም አንድ እጅ ከዛለ፣ ቅጽ አትሙዪ፤ 911 ደውዪ። ያ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ለደቂቃም አይቆይበትም። የእናትሽ ግን ዓመት አልፎታል፣ አይደል? እንግዲያው ተቀመጪና ስሚኝ።

ልዩነቱን በእንጀራ ላስረዳሽ። ለመጋገር ሦስት ነገር ያስፈልግሻል፦ የቦካ ሊጥ፣ የጋለ ምጣድ፣ ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞረ የሚያፈስ እጅ። ሊጡ ቋንቋው ነው። ሊጡ ሲጎድል አፌዚያ ይባላል፤ ሰውየው ቃሉ ራሱ አይመጣለትም፣ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርስበታል፣ የሰማውም ሊምታታበት ይችላል። ምጣዱ ጡንቻው ነው፦ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጉሮሮ። ምጣዱ ሲበርድ ዲስአርትሪያ ነው፤ ንግግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ይኮላተፋል ወይም በአፍንጫ ይወጣል። አፕራክሲያ የእጁ ችግር ነው። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ግሏል፣ እጅ ግን ማዞሩ ጠፍቶበታል። ምላስ አልሰነፈም፤ የትኛው ድምፅ የትኛውን ተከትሎ፣ በምን ፍጥነት ይውጣ ብሎ የሚያዘው ዕቅድ ነው የተዛባው። ሦስቱ ተደባልቀው የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ መለየቱ የባለሙያ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው።

የባለሙያ ሥራ ነው ስልሽ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ ቀጠሮ ጠብቂ ማለቴ አይደለም። ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጊ፣ ሦስቱንም በስልክሽ ቅጂ።

መጀመሪያ ስክሪብቶ ስጫቸው። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። አፋቸው ላይ የተሰናከለውን ቃል ወረቀት ላይ አሳክተው ከጻፉት፣ ሊጡ አልጎደለም ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ቢሆኑ ደግሞ «ማንኪያውን ያቀብሉኝና በሩን ይዝጉልኝ» ብለሽ መረዳታቸውን ታዪ ነበር። አባዬ «መድኃኒት» ማለት አቅቶት ፊቱ ላብ ባወረደ ጊዜ፣ በኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ዘርዝሮ የጻፈው የመድኃኒት ዝርዝር ዛሬም እጄ ላይ አለ። አንድ ፊደል አልተሳሳተም።

ቀጥሎ ቃል እያስረዘምሽ አስደግሚያቸው። «ሰበረ» ይበሉ። ከዚያ «ሰባበረ»፣ «ተሰባበረ»፣ «ተሰባበረባቸው»፣ «አልተሰባበረባቸውም»። ፈረንጆቹም በቋንቋቸው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ካንድ አጭር ቃል ተነሥተው እየቀጠሉበት ያስደግማሉ። በአፕራክሲያ ቃሉ በረዘመ ቁጥር ስህተቱ ይበዛል። አማርኛችን ደግሞ በዚህ ማን ይችለዋል፤ ካንድ ግስ የፈለግሽውን ያህል መሰላል ይሠራልሻል።

ሦስተኛው፣ በቃል የተያዘ ነገር አስብያቸው። ካንድ እስከ ዐሥር ይቁጠሩ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ይጥሩ፣ አባታችን ሆይ ይበሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ከሌላው ንግግር ይቀላል፤ ስንት ዘመን የተመላለሱበት መንገድ ነውና። በኛ ቤት ጠብ ያስነሣውም ይኸው ነበር። «ለጸሎት ሲሆን ይንበለበላል፣ ከኛ ጋር ሲሆን ይለግማል» አለች አክስቴ። ልግም አልነበረም። የበሽታው ጠባይ ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሚል ካለ ቀድመሽ አስረጂው።

ቅጂ ቅጂ የምልሽ ያለ ነገር አይደለም። ይህ ሙያ ራሱ የቆመው በቀረጻ ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልንገርሽ። በ1969 በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዳርሊ፣ አሮንሰንና ብራውን የ212 ሕሙማንን ንግግር ቀድተው አዳመጡ፤ ድምፁን፣ ፍጥነቱን፣ ትንፋሹን፣ የተነባቢውን ጥራት በ38 መስፈርት ለየብቻ መዘኑ። የትኛው የነርቭ በሽታ ምን ዓይነት ንግግር እንደሚያመጣ በጆሮ ለዩት ማለት ነው። በ1975 ያሳተሙት መጽሐፍ የዘርፉ መሠረት ሆነ። «የንግግር አፕራክሲያ» የሚለውን ስም በ1960ዎቹ መጨረሻ ያስለመደውም ያው ዳርሊ ነው።

ያኔ ስሙ በአብዛኛው የሚነሣው ከስትሮክ ጋር ነበር። ስትሮክ ሳይኖር፣ ቀስ እያለ፣ ንግግርን ብቻ ነጥሎ የሚይዝ ነገር እንዳለ በደንብ የተጠናው ቆይቶ ነው፤ እዚያው ማዮ ክሊኒክ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሮቸስተር በምትባል ከተማ። የንግግር ባለሙያው ጆሴፍ ደፊና የነርቭ ሐኪሙ ኪት ጆሴፍስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ንግግራቸው ወይም ቋንቋቸው እየተበላሸ የመጣ 37 ሰዎችን መረመሩ። 12ቱ ቋንቋቸው ደኅና ነው፤ የተነካው የንግግር ዕቅዳቸው ብቻ ነው። በአንጎል ምስላቸውም ላይ ጉዳቱ ያረፈው የቋንቋ ማዕከል ተብሎ በሚታወቀው ቦታ ሳይሆን፣ እንቅስቃሴን በሚያቅደው በላይኛው የፊት ክፍል ላይ ነበር። ይህን ሳነብ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «እንደምረዳ ነግሬሽ ነበር» ብሎ እንደሚያኮርፍ ሰው አየኝ።

በ2014 ደግሞ ኢዲት ስትራንድ፣ ደፊና ሌሎች የአፕራክሲያ መመዘኛ አወጡ። 16 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። ድምፅ ተዛብቶ ይወጣል ወይ? ቃሉ በረዘመ ጊዜ ይብሳል ወይ? ክፍለ ቃሎቹ እንደ ተበተነ ዶቃ ተለያይተው ይሰማሉ ወይ? አናባቢው ይጎተታል ወይ? ልብ በዪ፣ ነጥብ የሚሰጠው ማሽን አይደለም፤ የሠለጠነ ጆሮ ነው። ኤምአርአይ መጀመሪያ አካባቢ «ምንም የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ምስሉ ደኅና ነው፣ ወደ ቤታችሁ» ከተባላችሁ አትነሺ፤ የንግግር ባለሙያ ያዳምጣቸው በዪ።

የቀጠሮው ቀን ምን ይሆናል? «አ...» ብለው በአንድ ትንፋሽ እንዲስቡ ይጠይቋቸዋል። «ፐፐፐፐ»፣ «ተተተተ»፣ «ከከከከ» በፍጥነት ያስብሏቸዋል፤ ከዚያ ሦስቱን አቀላቅለው «ፐተከ፣ ፐተከ»። ይህ የልጅ ጨዋታ መስሏቸው እንዳይከፉ ቀድመሽ ንገሪያቸው። አንዱን ድምፅ መደጋገሙ ተሳክቶ ሦስቱን ማፈራረቁ ከተበጣጠሰ፣ ያ ወደ አፕራክሲያ የሚጠቁም ምልክት ነው። ምላስ እንዲያወጡ፣ ጉንጭ እንዲነፉ ይደረጋል፤ የጡንቻውን ጉልበት ለማየት ነው። ሥዕልም ያሳዩዋቸው ይሆናል፦ ልጅ በርጩማ ላይ ቆሞ ብስኩት ሲሰርቅ፣ እናት ዕቃ እያደረቀች ውኃው ሲፈስ። አባዬ ልጁን ትቶ «ው-ኃ-ውን ዝ-ጊው» ነው ያለው። ባለሙያዋ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ያን ቀን እንደ ሰው ተቆጠረ።

አሁን አስተርጓሚ ላይ እንምጣ፤ እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አስተርጓሚ አሁኑኑ፣ ቀጠሮውን ስትይዢ ጠይቂ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፣ አንቺም አትሁኚ፤ ልጅ የእናቷን ንግግር ማስተካከሏ አይቀርም። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ አስተርጓሚውን ለብቻ ያዢና እንዲህ በዪው፦ «እባክህ አታሳምርላቸው።» የአስተርጓሚ ደግነቱ የተሰባበረውን ጠግኖ ማቅረብ ነው። እናትሽ «ክርት... ክርስ-ት-ና» ብለው ታግለው ያወጡትን እሱ አቃንቶ በጥሩ እንግሊዝኛ ካስተላለፈው ምርመራው ገደል ገባ። የሚፈለገው ፍቺው ብቻ አይደለም፤ ስብራቱም ነው።

የአማርኛ ድምፅም አለ። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» ለማያውቃቸው ጆሮ ሰው የሚታገል ሊያስመስሉ ይችላሉ፤ ለኛ ግን የየቀኑ ድምፆች ናቸው። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ። «ገና» ሲላላ ጊዜ ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። መርማሪዋ ተነባቢ ረዝሞ ስትሰማ ከበሽታው ይሁን ከቋንቋው በምን ታውቃለች? የትኛው መጥበቅ የቃሉ፣ የትኛው የሕመሙ እንደሆነ የምትለዪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከበሽታው በፊት የተቀዳ ድምፅ ካለሽ ይዘሽ ሂጂ፦ የሠርግ ቪዲዮ፣ በስልክ የላኩት የድምፅ መልእክት፣ ምንም ይሁን። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰማት ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

ስሙ አፕራክሲያ ከሆነ ዓይነቱን ጠይቂ። አንዳንዱ ላይ ድምፆቹ ራሳቸው ይዛባሉ፤ አንዳንዱ ላይ ንግግሩ ዝግ ብሎ በክፍለ ቃል ይቆራረጣል፤ ሁለቱ የሚቀላቀሉበትም አለ። እናትሽ ወደ ሁለተኛው የሚያመዝኑ ይመስለኛል፤ ግን እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንደ እህትሽ ነኝ።

ከባዱንም አልሸሽግሽም። በሽታው ይገሰግሳል። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ታው የሚባል ፕሮቲን በአንጎል ሴሎች ውስጥ መከማቸቱ ነው፤ ይህን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት 13 ሕሙማንን በአማካይ የ2.4 ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ አይቶ ነበር። 5ቱ ላይ ሚዛን መሳት፣ የዓይን እንቅስቃሴ ችግርና የሰውነት መገተር ያለበት ከባድ ሕመም ተከተለ። የቀሩት እንደዚያ ፈጥነው አልተጎዱም። ስለዚህ ንግግር ብቻ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ወደ ኋላ መውደቅ፣ ደረጃ ሲወርዱ ወደ ታች ማየት መቸገር፣ ውኃ ሲጠጡ ትን ማለት ካየሽ ቀኑን ጽፈሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ጸበሉን ከፈለጉ ውሰጃቸው፤ ማንም ተዪ አይልሽም። ግን ቀጠሮውን በጸበል አታስቀሪው።

መድኃኒት የለም ማለት ሥራ የለም ማለት አይደለም። አንደኛው ሥራ ድምፃቸውን ማስቀመጥ ነው። ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ጆን ኮስቴሎ የተባለ ባለሙያ ያስፋፋው አሠራር አለ፤ ሰው ገና መናገር እያለ የራሱን አባባሎች በራሱ ድምፅ ቀድቶ ያስቀምጣል፣ ኋላ በታብሌት እየነካ ይጠቀምበታል። ላንቺ ስልክሽ ይበቃል። ግን «ውኃ ስጡኝ»ን ብቻ እንዳትቀጂ። «አቤት»ን ቅጂ። «ኧረ ተዪኝ እቴ»ን ቅጂ። የልጅ ልጆቻቸውን ሲያቆላምጡ ቅጂ። ከሁሉ በፊት ምርቃታቸውን ቅጂ። እኔ የአባዬን ምርቃት የቀዳሁት የመጨረሻው ፋሲካ ላይ ነው። አራት ደቂቃ ይሆናል፤ ግማሹ ዝምታ ነው፣ ከቀረው አብዛኛው የኛ «አሜን» ነው። በጊዜው ብቀዳው ኖሮ ዛሬ እሱ ይመርቀኝ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ የቤቱ ነው። ሲያወሩ ቴሌቪዥኑን ዝጊ። ስልክ ላይ አታስጨንቂያቸው፤ ፊት ሳይታይ ለእሳቸው ከሁሉ ይከብዳል። ቃሉን ከአፋቸው አትንጠቂ፤ «ልርዳዎት?» ብለሽ ጠይቂ፣ እሺ ካሉ ብቻ። ሐኪሙ ስለ እሳቸው ካንቺ ጋር ሲያወራ ወንበርሽን ወደ እሳቸው አዙሪ። ሌላ መገናኛ፣ የጽሑፍ ሰሌዳ ወይም ታብሌት፣ ንግግሩ ሳያልቅ አስለምጃቸው፤ ሲያልቅ መጀመር ሽንፈት ይመስላቸዋል። ይህን ደግሞ በደንብ ያዢ፦ አንዳንድ ሕመምተኛ «አዎ» ሊል ፈልጎ «አይ» ይወጣዋል፣ «አይ» ሊል ፈልጎ «አዎ»። አባዬ እንዲህ ሆኖ ያልፈለገውን ምግብ ስንት ቀን አበላነው! አውራ ጣት ወደ ላይ፣ አውራ ጣት ወደ ታች ተስማሙ። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እ» የምንለውን የኛን እሺታም ለመርማሪዋ ንገሪያት፤ ፈረንጅ ድንጋጤ ይመስለዋል።

ከለቅሶ ቤትና ከማኅበር እንዳይቀሩ አድርጊ። ማፈር ከጀመሩ ከበሽታው በፊት ዝምታው ይገድላቸዋል። ለዕድርተኛው አንድ ጊዜ በግልጽ ተናገሪ፦ «እናቴ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ አፋቸው ነው የዘገየ፤ ጠብቋቸው።»

ቡናው ፈላ። በይ እጅሽን መልሺ። ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ብለሽ ጻፊና ወደ እንግሊዝኛ መልሺው፦

«እናቴ ከአንድ ዓመት ወዲህ ቀስ በቀስ መናገር እየተቸገሩ ነው። ይረዳሉ፣ ይጽፋሉ፣ የማስታወስ ችግር አላየሁባቸውም። ረጅም ቃል ሲሆን ይብሳል፣ ሲሳሳቱ ይታወቃቸዋል። የንግግር እንቅስቃሴ ምርመራ (motor speech exam) በሚያደርግ የንግግር ሕክምና ባለሙያና በነርቭ ሐኪም እንዲታዩ እጠይቃለሁ። የድምፅ ቅጂ ይዘን እንመጣለን። የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን።»

አሁን ላኪው።